ወደ ኋላ የሚመለስ ሰንደቅ

በ2002 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል የሰማሁት አንድ ዘፈን እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። የዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በደቡብ አፍሪካ የተካሄደበት ዓመት ነው፤ ፈረንጆቹ 2010 የሚሉት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) ከሰኔ 4 እስከ ሐምሌ 4 ድረስ፣ ጨዋታ ሊጀመር ሲል፣ በእረፍት ሰዓት፣ ካበቃም በኋላ፣ ቴሌቪዥኑ ያንኑ ዜማ ያሰማ ነበር። ሕፃናት ተሰብስበው የሚዘምሩት የሚመስል ሰፊ አዝማች አለው፤ ሳድግ እበረታለሁ፣ እንደሚውለበለብ ሰንደቅ ነፃነት ብለው ይጠሩኛል፣ የሚል ነው። አዝማቹን በሁለት ቀን ውስጥ በቃሌ ያዝሁት። የቀረውን ስንኝ ግን በደንብ አላዳመጥሁትም፤ አዝማቹ እስኪመጣ መጠበቂያ አድርጌ ነበር የማየው። ከበሮው፣ የብዙ ሰው ጩኸት፣ ቢጫና አረንጓዴ የለበሰው ተመልካች፣ የቩቩዜላው ድምፅ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሆነው ዘፈኑ ስለ ኳስ መሆኑን አሳምነውኝ ነበር።

ዘፈኑ "ዌቪን ፍላግ" ይባላል፤ ዘፋኙም ሶማሊያዊው ኬናን ነው። ብዙ ሰው ከሻኪራ ዘፈን ጋር ያደባልቀዋል። የፊፋ ይፋዊ ዘፈን ኮሎምቢያዊቷ ሻኪራ ፍሬሽሊግራውንድ ከተባለው የደቡብ አፍሪካ ባንድ ጋር የተጫወተችው "ዋካ ዋካ" ነበር። የኬናን ዘፈን ደግሞ የውድድሩ ስፖንሰር የሆነው ኮካ ኮላ የመረጠው ነው። ስለ "ዋካ ዋካ" ሌላ ጊዜ ብጽፍ ደስ ይለኛል፤ አዝማቹ ከካሜሩን ወታደሮች ዘፈን የመጣ በመሆኑ እሱም ብዙ የሚያስወራ ጉዳይ አለው። ዛሬ የማወራው ግን እኔን ስላታለለኝ፣ ወይም እኔው ራሴ ስላልገባኝ ዘፈን ነው።

ውድድሩ ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ አንድ ምሽት ያንን ወቅት ናፍቄ ዘፈኑን ፈልጌ ከፈትሁ። ገና በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የተሳሳተ ነገር የከፈትሁ መሰለኝ። አዝማቹ ያው ነው። ቀጥሎ የመጣው ስንኝ ግን ሜዳና ሻምፒዮን የሚል ቃል የለበትም። ስለ አንድ ቦታ ያወራል፤ ድሮ ታላቅ ስለነበረ፣ አሁን ድህነትና ግድያ ስለበዛበት፣ ዘፋኙ ግን ከእርሱ ሌላ አገር ስለማያውቅ ቦታ። ለመብላት ስለሚደረግ ትግል ያወራል። ነፃ የምንወጣው መቼ ነው እያለ የሚጠይቅ፣ ያች ቀን ሩቅ አይደለችም እያለ በትዕግሥት የሚጠብቅ ሕዝብ አለበት። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ይብሳል፤ ስለማያቋርጥ ጦርነትና ስለ ቂም፣ ተስፋ እየሰጡ ድሃ አድርገው ስለሚተዉ ሰዎች፣ የሌላውን ጦርነት ተዋግቶ በመጨረሻ ስለሚከዳ ወገን ይናገራል። አዳምጬ ስጨርስ እንደገና ከፈትሁት። ከዚያም ሦስተኛ ጊዜ። የተቀየረው ሌላኛው፣ እኔ በቃሌ የያዝሁት፣ ነው ለካ። ዋናው ይህ ነበር።

በዚያ ምሽት ስለ ሰውየው ማንበብ ጀመርሁ። ሙሉ ስሙ ኬናን አብዲ ዋርሳሜ ነው። ኬናን በሶማሊኛ መንገደኛ ማለት ነው፤ ዋርሳሜም መልካም ዜና። የተወለደው ሞቃዲሾ ውስጥ ሲሆን ያደገበት ሰፈር ዋርዲግሌ ይባላል። አያቱ ገጣሚ ነበሩ፤ አክስቱ ደግሞ ማጎል በሚል ስም የምትታወቀው፣ በሶማሊያ ሙዚቃ ታሪክ ከታላላቆቹ አንዷ የሆነችው ዘፋኝ ናት። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ግጥም አይማርም፤ ከእናት ጡት ጋር ይጠባዋል። አባቱ ቀድመው ወደ ኒው ዮርክ ሄደው ታክሲ ይነዱ ነበር፤ ከዚያ ለልጃቸው የራፕ ሙዚቃ ሸክላ ይልኩለታል። ልጁ እንግሊዝኛ አይችልም። ቢሆንም ቃላቱን በድምፃቸው ብቻ፣ ምን እንደሚሉ ሳያውቅ፣ አንድ በአንድ በቃሉ ይዞ ይጫወታቸው ነበር።

ይህችን ስደርስባት ንባቤን አቁሜ ብዙ ቆየሁ። እሱ በሞቃዲሾ ሆኖ ትርጉሙን የማያውቀውን የኒው ዮርክ ዘፈን ይዘምራል። ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ እኔ ትርጉሙን የማላውቀውን የእሱን ዘፈን ስዘምር ከረምሁ። ልዩነታችን ግን ትልቅ ነው፤ እሱ ቃላቱን አንድም ሳይጥል ይዟቸው ነበር፣ ቆይቶ ሲገቡት የእሱ መሣሪያ ሆኑ። እኔ የያዝሁት ለሁሉም የሚመቸውን ክፍል ብቻ ነው።

በ1983 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ መንግሥት ሲወድቅና ከተማዋ በጦር መኳንንት እጅ ስትገባ፣ እናቱ ልጆቻቸውን ይዘው ከሞቃዲሾ ከተነሡት የመጨረሻ የመንገደኞች አውሮፕላኖች በአንዱ ወጡ። መጀመሪያ ኒው ዮርክ፣ ከዚያ በካናዳ ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል በሚባለው ብዙ ሶማሊያውያን በሚኖሩበት ሰፈር ተቀመጡ። 1983 ለእኛም እንዲሁ የሚረሳ ዓመት አይደለም። በእኛም አገር መንግሥት ወድቋል፣ ወታደሩም ተበትኗል። በአንድ ዓመት ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አገሮች ፈርሰው እንደገና ሊሠሩ ተነሡ፤ የአንዳቸው ልጆች ግን ያን ያህል ርቀው መሄድ ነበረባቸው።

"ዌቪን ፍላግ" የወጣው በ2001 ዓ.ም. የካቲት፣ "ትሩባዱር" በተባለው አልበሙ ውስጥ ነው። የአልበሙ የተወሰነ ክፍል የተቀረጸው በጃማይካ፣ ኪንግስተን፣ ቦብ ማርሊ ይሠራበት በነበረው ስቱዲዮ ነው። ዘፈኑን በመጻፍ ከተሳተፉት መካከል ያን ጊዜ ገና ስሙ ያልታወቀው ብሩኖ ማርስ ይገኝበታል። ይህን ሁሉ በደስታ አነበብሁ። አንድ ቀን ግን አልበሙ የወጣበትን ወር ከሌላ ቀን ጋር ሳስተያይ ደነገጥሁ። የአገሬ ጦር በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ወደ ሞቃዲሾ ገብቶ የወጣው በጥር 2001 ነው። አልበሙ በገበያ ላይ የዋለው በወሩ ነው። ዘፈኑ ስለ እኛ የተጻፈ ነው አልልም፤ የማንንም አገር ስም አይጠራም፣ ሥቃዩም ከዚያ በፊት የጀመረ ነው። ስለዚያ ዘመቻ የሚከራከር ሰው ብዙ ነው፣ እኔም በዚህ ጽሑፍ አልገባበትም። ነገር ግን ስለማያልቀው ጦርነት የሚናገረውን ስንኝ ስሰማ ከዚያ በኋላ እንደ ሩቅ ተመልካች መስማት አልቻልሁም። የኔ ወገን እናቶችም ከዚያች ከተማ ያልተመለሱ ልጆች አሏቸው፤ የዚያች ከተማ እናቶችም እንዲሁ።

አንድ አማርኛ ተናጋሪ ብቻ የሚሰማው የሚመስለኝ ነገር በአዝማቹ ውስጥ አለ። ነፃነት ብለው ይጠሩኛል ሲል እንግሊዝኛ ተናጋሪው ጆሮ ይህን ማሞካሻ አድርጎ ይወስደዋል። በእኛ ግን ነፃነት የሰው ስም ነው። ነፃነት የሚባሉ ሰዎች በትምህርት ቤትም በሥራም አውቄያለሁ፤ አባት እናታቸው ያን ስም ያወጡላቸው በዚያን ጊዜ ቤት ውስጥ የጎደለውን ነገር እያሰቡ ነው። ስም በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ጸሎት ነው፤ ለልጁ የሚወጣለት ያለው ነገር ሳይሆን እንዲመጣ የሚመኙት ነገር ነው። አዝማቹን በዚህ ጆሮ ስሰማው አንድ ልጅ ስሙ እንዲለወጥለት ሲለምን ይታየኛል። ዛሬ ስደተኛ ይሉኛል፣ ሳድግ ግን ሌላ ስም ይኖረኛል ሲል። ሳድግ የሚለው ቃል ሁሉን ይሸከማል። አላደገም ገና። አልበረታም። ሰንደቁም በእጁ አልገባም።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ ቅጂዎች የሚለያዩት፣ ለእኔም ዋናው ነገር ይህ ነው። አዝማቹ በሁለቱም ያው ነው፤ ነገር ግን ከአዝማቹ በፊት የሚመጣው ስንኝ ትርጉሙን ይለውጠዋል። በመጀመሪያው ቅጂ ረኃቡንና ግድያውን ከነገረን በኋላ፣ ሳድግ እበረታለሁ ሲል፣ ይህ በጨለማ ውስጥ ያለ ልጅ ለራሱ የሚገባው ቃል ነው። ለዓለም ዋንጫው በተዘጋጀው ቅጂ ግን ከፊቱ የሚመጣው ሻምፒዮኖች ወደ ሜዳ ሲገቡ፣ ሕዝብ በፀሐይ ሥር ሲጨፍር ነው። ያን ጊዜ ያው አዝማች የአሸናፊ ፉከራ ይሆናል። ቃሉ አልተነካም፣ ዜማውም አልተነካም። ሆኖም አንዱ ገና ያልሆነውን ሲለምን ሌላው የሆነውን ያከብራል። አዲሶቹ ስንኞች በግጥምነታቸውም ደካማ ናቸው፤ እሳት፣ ነፃነት፣ ከፍታ የሚሉ ቃላት ተደርድረው ማን ለማን እንደሚናገራቸው እንኳ አይታወቅም።

በሁለቱ መካከል ሌላ ሦስተኛ ሕይወትም ነበረው። በጥር 4 ቀን 2002 ዓ.ም. ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ፣ የካናዳ ዘፋኞች ተሰብስበው ይህንኑ ዘፈን ለእርዳታ ማሰባሰቢያ እንደገና ቀረጹት። ድሬክ፣ ጀስቲን ቢበር፣ አቭሪል ላቪን፣ ኔሊ ፉርታዶና ሌሎችም ነበሩበት፤ በመጋቢት ወጥቶ በካናዳ አንደኛ ሆነ። ያ ቅጂ ከኳሱ ቅጂ ይልቅ ለዋናው የቀረበ ይመስለኛል። ፍርስራሽ ላይ ቆሞ ሳድግ እበረታለሁ ማለት ዘፈኑ ከተነሣበት ቦታ ብዙም አይርቅም።

ከዚያ ኳሱ መጣና ዘፈኑ የትም ገባ። በጀርመን፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ አንደኛ ሆነ። በዐረብኛ ናንሲ አጅራም፣ በስፓኝኛ ዴቪድ ቢስባል አብረውት የዘፈኑባቸው፣ ሌሎችም በየቋንቋው የተሠሩ ቅጂዎች ወጡ። ዋንጫው አገር ለአገር ሲዞር ኬናን አብሮ ዞረ። ውድድሩ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሰኔ 3፣ በሶዌቶ ኦርላንዶ ስታዲየም በተደረገው ኮንሰርት ላይ ከሞቃዲሾ የወጣው ልጅ ቆሞ ዘፈነ።

በዚያው ሰሞን በሞቃዲሾ ምን ይሰማ ነበር? ሙዚቃ አይሰማም ነበር። ሒዝቡል ኢስላም የተባለው ታጣቂ ቡድን በ2002 ዓ.ም. የከተማዋ ሬዲዮ ጣቢያዎች ሙዚቃ ማሰማት እንዲያቆሙ የአሥር ቀን ጊዜ ሰጣቸው። ቀነ ገደቡ ሚያዝያ 5 ላይ ሲያበቃ አብዛኞቹ ጣቢያዎች ታዘዙ፤ አለመታዘዝ ሕይወት ያስከፍል ነበር። ሬዲዮ ደግሞ ያለ ሙዚቃ ከዜና ወደ ዜና እንዴት ይሸጋገራል? መግቢያ ዜማ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆነ። ስለዚህ በአንዳንዶቹ ጣቢያዎች በዜማው ፈንታ የወፍ ድምፅ፣ የመኪና ድምፅ፣ የጥይት ድምፅ ያሰሙ ጀመር። ይህን ያነበብሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የማጎል ከተማ፣ ግጥም እንደ ገንዘብ የሚቆጠርበት ሕዝብ ዋና ከተማ፣ በአየር ላይ ጥይት ሲያሰማ፣ በዚያው ሰሞን የዚያች ከተማ ልጅ ድምፅ በዓለም ሁሉ ጆሮ ውስጥ ነበር።

ጨዋታውን ማየትም ተከልክሎ ነበር። ውድድሩ በተጀመረ በቀናት ውስጥ ታጣቂዎች የአርጀንቲናንና የናይጄሪያን ጨዋታ ሰዎች ተሰብስበው የሚያዩበት ቤት ገብተው ሁለት ሰው ገደሉ፣ ሌሎችን ይዘው ሄዱ።

ከዓመታት በኋላ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሶማሊያዊ ወዳጅ አገኘሁ። በዚያ ወቅት ሞቃዲሾ ውስጥ፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት ነበር። ጨዋታዎቹን አይቷቸዋል። ማታ ማታ ከወንድሞቹ ጋር በአንድ ክፍል ይሰበሰባሉ፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ ይሸፍናሉ። ጄኔሬተር ድምፁ ስለሚያጋልጥ አይነሣም፤ ትንሿን ቴሌቪዥን ከመኪና ባትሪ ጋር ያገናኟታል። ድምፁን ጨርሰው ያጠፉታል። በምልክት ይነጋገራሉ። አንድ ወር ሙሉ የዓለም ዋንጫን ያለ ድምፅ እንዳየው ሲነግረኝ እንደ ተራ ነገር ነበር የነገረኝ።

በተለይ የሰኔ 25ቱን ጨዋታ አነሣልኝ፤ ጋና ከኡራጓይ። ጋና ከስድስቱ የአፍሪካ ቡድኖች ከምድቡ ያለፈች ብቸኛዋ ነበረች፣ ብታሸንፍ ደግሞ ለግማሽ ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ትሆን ነበር። አንድ ለአንድ ሆነው በተጨማሪው ሰዓት መጨረሻ ላይ የኡራጓዩ ሱዋሬዝ ወደ ጎል የሚገባውን ኳስ በእጁ መለሰ፣ በቀይ ካርድ ወጣ። አሳሞዋ ጂያን ፍጹም ቅጣት ምቱን ሲመታ ኳሱ አግዳሚውን መትቶ ወደ ሰማይ ሄደ። ጋና በመለያ ምት 4 ለ 2 ተሸነፈች። እኔ በዚያች ቅጽበት የነበርሁበት ክፍል ውስጥ የተሰማውን ጩኸት እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ወዳጄ የሚያስታውሰው ሌላ ነው። ኳሱ አግዳሚውን ሲመታ ምንም አልተሰማም። ታላቅ ወንድሙ በሁለት እጁ የራሱን አፍ ግጥም አድርጎ ያዘ፤ ትከሻው ብቻ ሲንቀጠቀጥ አየው። የሚያለቅስ ይሁን የሚስቅ ሊለይ አልቻለም፤ ቆይቶም አልጠየቀውም።

ዘፈኑንስ በዚያን ጊዜ ሰምተኸዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። እንዴት ይሰማዋል? ማስታወቂያው ሲመጣ ምስሉን ያያል፤ የሚዘሉ ልጆች፣ ሰንደቆች፣ አፉን የሚከፍት ቀጭን ሰው በባርኔጣ። ያ ሰው የእሱ ከተማ ልጅ መሆኑን አያውቅም። ድምፁን የሰማው በዓመቱ፣ ከአገሩ ወጥቶ ናይሮቢ ኢስትሊ ሲገባ፣ ማታቱ በሚሉት የከተማ ታክሲ ውስጥ ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው፣ ይህ እኮ የእኛ ልጅ ነው አለው። ወዳጄ መንገዱን ሙሉ በደስታ ሲያዳምጥ ሄደ። የሰማው ግን የኳሱን ቅጂ ነው። ስለዚህ እሱም እንደ እኔ ዘፈኑ ስለ ኳስ ነው ብሎ ለዓመታት ኖረ።

የዚያ ውድድር መጨረሻ ቀን ሌላም ነገር አለበት፤ ሳልጽፈው ማለፍ አልችልም። ሐምሌ 4 ማታ፣ ስፔንና ኔዘርላንድስ ለዋንጫ ሲጫወቱ፣ ካምፓላ ውስጥ ሰዎች ተሰብስበው ጨዋታውን በሚያዩባቸው ሁለት ቦታዎች ቦምብ ፈነዳ። አንዱ የኪያዶንዶ ራግቢ ክለብ ነበር፤ ሌላው ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር የሚገኘው "ኢትዮጵያን ቪሌጅ" የተባለው ምግብ ቤት። ከ70 በላይ ሰው ሞተ። አል ሸባብ ኃላፊነቱን ወሰደ። የስፔኑ ኢኒየስታ በ116ኛው ደቂቃ ያገባውን ጎል ያላዩት ሰዎች እነዚያ ናቸው። ጨዋታው ካለቀ በኋላ በየአገሩ ያው ዘፈን ሲከፈት፣ ዋናው ቅጂ የሚናገርለት ነገር፣ ያ የማያልቅ ጦርነት፣ ድንበር ተሻግሮ ከእግር ኳሱ ተመልካች ወንበር ሥር ደርሶ ነበር። ከኳሱ ቅጂ ውስጥ የወጣው ስንኝ ከዓለም ውስጥ አልወጣም ነበር።

ኬናን ራሱ ስለዚህ ጉዳይ ምን እንደሚያስብ የገባኝ ኅዳር 2005 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በኒው ዮርክ ታይምስ ያወጣውን ጽሑፍ ሳነብ ነው። ስለ "ዌቪን ፍላግ" ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ቀጥሎ ላወጣው አልበም፣ የአሜሪካ ሬዲዮ እንዲወድደው ሲል ቃሉን እንዴት ራሱ ሳንሱር እንዳደረገ የሚናዘዝበት ነው። በውስጡ ስለ ቀበሮ የሚነገር የሶማሌ ተረት አለ። ቀበሮ ድሮ ውብ አረማመድ ነበረው ይላል። አንድ ቀን ነቢይ ሲራመድ አይቶ እንደ እሱ ልራመድ ብሎ ተለማመደ፤ አልሆነለትም። ወደ ራሱ አረማመድ ልመለስ ሲል ደግሞ ረስቶታል። ዝነኛ ከሆነ በኋላ ይህን በአደባባይ የሚጽፍ ዘፋኝ ብዙ አላውቅም። ያ ጽሑፍ ለእሱ ያለኝን ፍቅር እጥፍ አደረገው።

ታዲያ የኳሱን ቅጂ እጠላዋለሁ ወይ? ለተወሰነ ጊዜ ጠልቼው ነበር። የአንድን ሕዝብ ኀዘን ወስደው ለለስላሳ መጠጥ ማሻሻጫ አደረጉት እያልሁ ለሰው ሁሉ ስናገር ከርሜአለሁ። አሁንም ዋናው ይበልጣል፣ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም ባይ ነኝ። ነገር ግን የኳሱ ቅጂ ባይኖር እኔ ወደ ዋናው አልደርስም ነበር። አዝማቹ በር ነበር፤ በሩ ላይ ቆሜ አራት ዓመት መዝፈኔ የእኔ ጥፋት ነው። ኢስትሊ ማታቱ ውስጥ የተቀመጠው ልጅም ለአንድ መንገድ ያህል የከተማው ስም ከሞት ጋር ሳይሆን ከደስታ ጋር ሲጠራ ሰምቷል። ይህን ደስታ ማን ሊነጥቀው ይችላል? እኔ አልችልም።

ስለ ሰንደቁም ላንሣ። የሶማሊያ ሰንደቅ ሰማያዊ ሆኖ መሐሉ ላይ ነጭ ባለ አምስት ማዕዘን ኮከብ አለበት። ከማዕዘኖቹ አንዱ በእኛ አገር ያለውን የሶማሌ ምድር እንዲወክል ታስቦ የተሣለ ነው፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በዚያ ምድር ምክንያት ተዋግተናል። ስለዚህ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ስለዚያ ሰንደቅ መዝፈን ቀርቶ በቀላል ልብ ማየቱ እንኳ ቀላል ነው አልልም። ደግሞ ሶማሌዎች ሰንደቅን "ዐለን" ይሉታል፤ ከእኛ "ዓላማ" ጋር ሲሰማ ዘመዳሞች ናቸው። ከዚህ ዘፈን ብዙ ቀድሞ አብዱላሂ ቃርሼ የተባለው ታላቅ ሙዚቀኛ እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱ ሰንደቅ አለው ብሎ የጻፈው ዜማ በ2004 ዓ.ም. የሶማሊያ ብሔራዊ መዝሙር ሆኗል። ለሰንደቅ መዝፈን ለእነርሱ የቆየ ነገር ነው፤ ኬናን የጀመረው አይደለም።

ባለፈው ወር ለወዳጄ ዋናውን ቅጂ አሰማሁት። ከሥራ በኋላ ቢሮው ባዶ ሲሆን አንዱን ማዳመጫ ለእሱ፣ አንዱን ለእኔ አድርገን ከፈትሁት። አዝማቹ ሲጀምር ፈገግ ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። የመጀመሪያው ስንኝ ሲመጣ ፈገግታው ቀስ ብሎ ሄደ። ምንም አላለኝም። ስለ ጦርነቱና ስለ ቂሙ የሚናገረው ክፍል ላይ ሲደርስ ዓይኑን ከስልኩ ላይ አንሥቶ ግድግዳውን ያይ ጀመር።

በዋናው ቅጂ አዝማቹ ሲያልቅ፣ እኔ ብዙ ጊዜ ሰምቼ ጆሮ ያልሰጠሁት ነገር አለ። ከሰንደቁ ቀጥሎ ይመለሳል ይላል። ከዚያም ይመለሳል። ሦስት ጊዜ። እኔ ይህን እንደ ዜማ መሙያ ነበር የምቆጥረው። ወዳጄ እዚያ ላይ ሲደርስ አቁምልኝ አለኝ። ምን ይላል ብሎ ጠየቀኝ፤ በአማርኛ ነገርሁት። መዳፉን ዘርግቶ ጨርቅ በነፋስ እንደሚሄድ አድርጎ ወደ ፊት ወሰደው፣ ከዚያ ወደ ራሱ መለሰው። ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ኋላ። በሦስተኛው ጊዜ እጁን ደረቱ ላይ አቆመና እንደዚያው ቆየ። ቆይቶ ቆይቶ፣ ከመጀመሪያው ጀምርልኝ አለ። ጀመርሁለት።